ከመስመሩ በፊት ውሃውን ተሻገሪ

ልጄ፣ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ዕቅድና መረጃ ክፍል መመደብሽን እናትሽ ነገረችኝ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔም ዕድሜዬን በመምህርነት፣ ኋላም በጉድኝት ሱፐርቫይዘርነት በዚሁ በፎገራ ሜዳ የፈጀሁ አጎትሽ ነኝና ዝም ብል ቅር ይለኛል። የተቀመጥሽበት ቦታ ቁጥር መደመሪያ ይመስላል። የየትኛው መንደር ልጅ የት እንደሚመዘገብ፣ አዲሱ መማሪያ ክፍል የት እንደሚሠራ፣ ስምንተኛን የጨረሰው ዘጠነኛን የት እንደሚገባ መጀመሪያ የሚጻፈው ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ የገበሬ ልጅ ከማን ጎን ተቀምጦ እንደሚማር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልንም ማየት አለማየቱ ከዚያ ወረቀት ይጀምራል። የምልሽን ልብ ብለሽ ስሚኝ።

1. የቀበሌን ወሰን የልጅ መንገድ አድርገሽ አትውሰጂ።

እኛ ዘንድ የትምህርት ቤት ክልል በካርታ ታትሞ አይለጠፍም። ያንን ሥራ የሚሠራው ቀበሌው ነው። ትምህርት ቤቱ በቀበሌው ስም ይጠራል፤ ድንጋዩን ያጋዘው፣ ባሕር ዛፉን የቆረጠው፣ መዋጮውን ያወጣው የቀበሌው ሕዝብ ነው፤ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርዱም ከዚያው ይመረጣል። ስለዚህ «የእኛ ልጅ»፣ «የእነሱ ልጅ» የሚለው ነገር ማንም ሳይደነግገው ጸንቶ ይኖራል። ይህን ባለቤትነት አክብሪው፤ ትምህርት ቤቶቻችንን ያቆማቸው እሱ ነው። ነገር ግን ወሰኑ የተሠመረው ለግብርና ለአስተዳደር ነው። ሲሠመር የሰባት ዓመት ልጅ እግር አልታሰበም።

በእኛ ሜዳ ደግሞ ውሃ አለ። ርብና ጉማራ ክረምት ሲመጣ ሞልተው ይተኛሉ፤ ጣናም ከታች እየገፋ ይመጣል። በ1998 ክረምት ማብቂያ የደረሰው ጎርፍ ስንቱን ቤትና ማሳ እንደወሰደ እናትሽን ጠይቂያት፤ በ2012 ማብቂያም ተመልሶ መጥቷል። ያን ያህል ባይከፋ እንኳ በየዓመቱ ነሐሴና መስከረም ላይ በጥር በሃያ ደቂቃ የሚሄዱበት መንገድ ይጠፋል። ልጁ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ አናቱ ላይ ያስራል፤ ሱሪውን እስከ ጭኑ ይሰበስባል፤ ከፊቱ የሚሄደው ታላቁ የዘረጋለትን ዱላ ጫፍ ጨብጦ ይሻገራል። እኅቱ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ረጥቦ ክፍል ትገባለች፤ እስኪደርቅላት ከመቀመጫዋ አትነሳም፣ ሰሌዳ ላይ ውጪ ስትባልም እንቢ ትላለች። ሁለት ቀን እንዲህ ትውላለች፤ በሦስተኛው ትቀራለች። በመዝገቡ ላይ የምታዪው «አቋረጠች» የሚል ቃል ነው።

እንግዲህ የየትኛው ጎጥ ልጅ የት ይማር ብለሽ ስታስቢ በየካቲት፣ ጓያው በደረሰበት ደረቅ ጊዜ፣ በመኪና ዞረሽ አትወስኚ። መስከረም በባተ በሁለተኛው ሳምንት ቦት ጫማሽን አጥልቀሽ፣ በልጅ መንገድ፣ በልጅ ሰዓት ሂጂ። ወንዙ መሐሉን የሚቆርጠውን ቀበሌ እንደ ሁለት ቀበሌ ቁጠሪው። ማዶ ያለው ጎጥ ለጎረቤት ቀበሌ ትምህርት ቤት የሚቀርብ ከሆነ ልጆቹ እዚያ ይመዝገቡ፤ ሊቀ መንበሩ ቅር ቢለው ቁጭ ብለሽ አስረጂው። ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ መለካትም ተዪ። ከዓለም በር ወገን የሚመጣው ልጅ በደብረ ታቦር አስፋልት፣ በሚኒባስ ወረታ ከተማ ይደርሳል። ከናበጋ ወይም ከዋገጠራ ወገን ለሚመጣው ግን ኪሎ ሜትሩ ቢያንስ እንኳ መንገዱ ጭቃና ውሃ ነው።

2. ስምንተኛ ክፍል ላይ አትቁሚ፤ ልጁን እስከ መጨረሻው ተከተዪው።

ሪፖርት የሚጠይቅሽ ጥቅል ተሳትፎ፣ ንጥር ተሳትፎ፣ የማቋረጥ መጠን ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ቆመው የሚቆጠሩ ናቸው። ልጅ የሚጠፋው ግን ብዙውን ጊዜ በሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል ነው፤ ይህኛው «ሸኘሁት» ብሎ ያኛው «አልደረሰኝም» በሚልበት ቦታ። በ1986ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ሲሆን በሁለት እርከን የተከፈለ ነበር። በየጎጡ እስከ አራተኛ የሚያስተምሩ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ፤ አምስተኛን ለመማር ወደ ዋናው መሄድ ግድ ሆነ። ልጆች በብዛት የቀሩብን በዚያች መሻገሪያ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆኗል፤ ሰባተኛና ስምንተኛ መካከለኛ ደረጃ ተብለው ለብቻቸው ቆመዋል። በሥርዓተ ትምህርት በኩል ምክንያት አለው፤ አልቃወምም። ነገር ግን እስከ ስምንተኛ ያስተምር የነበረን የገጠር ትምህርት ቤት ስድስተኛ ላይ ቆርጠሽ ሰባተኛውን ሌላ ቀበሌ ብትወስጂው፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ ላይ አዲስ ወንዝ ጨመርሽባት ማለት ነው። በዚያ ዕድሜ ለሴት ልጅ ሽማግሌ የሚላክበት አገር መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ሕንፃው ካለ፣ መምህሩም ከተገኘ፣ ሁለቱ ደረጃዎች በአንድ ግቢ ይኑሩ ብለሽ ተከራከሪ።

የምመክርሽ ሥራ ይህ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና፣ ዛሬም ድረስ «ሚኒስትሪ» እያልን የምንጠራው፣ ውጤቱ ሲመጣ ከየትምህርት ቤቱ ያለፉትን በስም ያዢ። ከዚያ የዘጠነኛ ክፍልን መዝገብ አስከፍቺ። እያንዳንዱ ተማሪ ይዞት የመጣው ካርድና መልቀቂያ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርገሽ እዪ። ከአንዱ መጋቢ ትምህርት ቤት ያለፉት ሁሉ ደርሰዋል፤ ከሌላው ግማሾቹ የሉም። የጠፉትን ስም በወንድና በሴት ለይተሽ ጻፊ፤ ከዚያ ርዕሰ መምህሩን ሳይሆን ጎረቤት ጠይቂ። አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወይም መተማ ወርዷል፤ አንዷ ተድራለች፤ አንዱ ወረታ ቤት የሚከራይበት አጥቷል። ይህን የሚነግርሽ ሌላ መረጃ የለም። ሠርተሽ ስትጨርሺ አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የት መሠራት እንዳለበት ካርታው ራሱ ያሳይሻል፤ የጮኸው ቀበሌ ወይስ የጠፋው ልጅ ይቅደም የሚለውም ክርክር መልክ ይይዛል።

3. ከተማውና ገጠሩ አንድ ወረቀት ላይ ይቀመጡ።

ወረታ የራሷ ከተማ አስተዳደር ናት፤ ዙሪያዋ ያለው ገጠር የፎገራ ወረዳ ነው። ሁለት ጽሕፈት ቤት፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት ዕቅድ አለ፤ ልጁ ግን በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። እንዲህ ሲሆን ከተማው ኮምባይን ዴስኩን በራሱ ስምንተኛ ክፍል ልክ ያዝዛል፤ ወረዳው ልጆቹን «ወደ ከተማ ገብተዋል» ብሎ ይዘጋል። መስከረም ላይ ከገጠር የመጣው ልጅ ለማንም ያልታቀደ ሆኖ ይገኝና አምስት ሆነው በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። በሰኔ፣ ፈተናው እንዳለቀ፣ የሁለቱን ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ሰብስቢ፤ ከየትኛው ቀበሌ ስንት ልጅ እንደሚመጣ ተስማምታችሁ ፈርሙ።

4. ግድግዳውን በግቢው ውስጥም ፈልጊው።

ይህኛው ብዙ ሰው የማያየው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የከተማና የገጠር ልጆችን አንድ በር ማስገባት ማቀላቀል አይደለም። ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ። ምዝገባ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይጀመራል። የከተማው ልጅ በማግሥቱ ካርዱን ይዞ ይደርሳል። የሜዳው ልጅ ሩዝ እያረመ ነው፤ ውሃውም አላሳልፍ ብሎታል። ሴክሽን የሚደለደለው በአመዘጋገብ ተራ ስለነበር የፊተኞቹ በከተማ ልጆች ሞሉ፤ የኋለኞቹ መስከረም አጋማሽ በደረሱት ተሞሉ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ መዝጋቢው ተራ ነው የጠበቀው። ጥቅምት ሲገባ ግን መምህራኑ «እነ ኤ»፣ «እነ ኤች» ማለት ጀመሩ። ከኤች የሚጠበቀው ነገር አነሰ። ቤተ ሙከራ የሚገባው ኤ ነው፤ የጥያቄና መልስ ውድድር ሲመጣ የሚጠራው ኤ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ መሆኑን አስቢ። ያ የገጠር ልጅ ቃሉን ቀድሞ ከሰማ ልጅ አጠገብ ቢቀመጥ በጆሮው ጠጋ ብሎ ይጠይቀው ነበር። የክፍሉ ሰው ሁሉ እንደ እሱ አዲስ ሲሆን ማንን ይጠይቅ? የከተማው ልጅም ቀርቶበታል፤ የሚበላውን ሩዝ ያረመውን እጅ ሳያውቅ አሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል።

መፍትሔው ብር አይጠይቅም። ምዝገባው ተጠቃሎ እስኪያልቅ ድልድል አይደረግ። ከዚያ ከየመጋቢው ትምህርት ቤት የመጡትን በየሴክሽኑ አከፋፍሉ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢፈጅ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ ከአንድ መንደር የመጡ ሴት ልጆችን ፈጽሞ በታትነሽ አንዷን ለብቻዋ አትጣያት። ሁለት ሦስት ሆነው ይመደቡ፤ ፈረቃቸውም አንድ ይሁን። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፤ ቤት ተከራይተውም ከሆነ አብረው ያድራሉ።

ስለ ቤት ኪራይ ካነሳሁ፣ የእነዚህን ልጆች ኑሮ ሄደሽ እዪው። አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ፤ እሑድ ማታ በሶውን፣ ድርቆሹን፣ ሽሮውን ተሸክመው ይገባሉ፤ ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። አከራያቸው ደግ ሴት ከሆነች ወጥ ታቀምሳቸዋለች። ትምህርት ቤቱ ምሳ ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍቱን ቢከፍትላቸው፣ አንድ መምህርም በሳምንት አንዴ የተከራዩበትን ቤት ዞሮ ቢያይ ስንቱን ከመመለስ ያድን ነበር።

5. ስብጥር ሲባል የሌላ አገር ወሬ አይምሰልሽ።

ፎገራ ቋንቋው አንድ ስለሆነ ሰዉም አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሩዝ በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ጅግናና ሻጋ ላይ ሲሞከር፣ ይህ ሜዳ የከብት ግጦሽና ጓያ የሚዘራበት ረግረግ ነበር። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት፤ በየመንገዱ ዳር የሩዝ መፈልፈያ ይንጫጫል። ውሃ የሚተኛበት መሬት ያለው ሀብታም ሆነ፤ ከደጋው ወርዶ ለአጨዳ የሚቀጠረው ደግሞ ልጁን አስከትሎ ይመጣል። ያ ልጅ ኅዳርና ታኅሣሥን እኛ ዘንድ ይከርማል፤ በየትኛውም ቀበሌ መዝገብ የለም። ቢያንስ ለዚያ ሁለት ወር ቁጭ ብሎ እንዲማር የሚፈቅድ ርዕሰ መምህር ፈልጊለት።

ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ይማራሉ፤ ይህ ከጥንት ያለን ነውና ጠብቂው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የባለ እጁ ልጅ ነው። የቀጥቃጩን፣ የሸክላ ሠሪዋን፣ የሸማኔውን ልጅ ጎረቤቱ በምን ስም ይጠራው እንደነበር ሰምተሻል። «ለእነሱም ትምህርት ቤት በደጃቸው እንሥራላቸው» የሚል ሐሳብ ሲመጣ መልካም ይመስላል፤ ለሕፃናቱም መቅረቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን እስከ አራተኛ ለብቻቸው ከተማሩ በኋላ አምስተኛ ላይ የሚገጥማቸው ስድብ የባሰ ይከብዳቸዋል። ትምህርት ቤቱን ሁለት መንደር በሚጋሩት ቦታ ላይ አድርጊው፤ አንድ ዴስክ ላይ አብረው ፊደል የቆጠሩ ልጆች ኋላ መናናቅ ይከብዳቸዋል። የባለሙያ ልጅና የገበሬ ልጅ በአንድ ደብተር ሲጽፉ ኖረው በጎልማሳነታቸው ማኅበር ሲጠጡ አይቻለሁ።

6. ጎበዞቹን ለይቶ መሰብሰብን መፍትሔ ነው ብለሽ አትመኚ።

በንጉሡ ዘመን ጄኔራል ዊንጌት፣ ኮተቤ የነበረው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በኋላም በዕደ ማርያም ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪ እየለቀሙ በአዳሪነት ያስተምሩ ነበር። የድኻ ልጅና የመኳንንት ልጅ በአንድ መኝታ ቤት ያደሩበት ጊዜ ነው፤ ትልልቅ ሰዎችም ወጥተውበታል። የገቡት ግን እፍኝ የማይሞሉ ነበሩ። ዛሬም ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደስ ይለናል፤ ጎበዙን የላከው የገጠር ትምህርት ቤት ግን ለጓደኞቹ የሚያስረዳ ልጅ አጥቶ ይቀራል። አንቺ ስለቀሩት ተጨነቂ።

7. ሌላውም አገር በዚህ አልፏል።

አሜሪካኖች በእነሱ አቆጣጠር በ1954 በጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በዘር የተለየ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1974፣ የዲትሮይት ከተማ ጉዳይ ከዚያው ፍርድ ቤት ደረሰ። በከተማው ትምህርት ቤቶች የቀረው አብዛኛው ተማሪ ጥቁር ነበር፤ ነጮቹ ከከተማው ወሰን ወጥተው ዙሪያውን ሰፍረዋል። ፍርድ ቤቱም የዙሪያው አስተዳደሮች ራሳቸው አጥፍተው ካልተገኙ በቀር ወሰናቸው አይደፈርም አለ። ሕጉ የሻረውን መለያየት የአስተዳደር መስመር መለሰው። ፈረንሳዮችም በዚያው አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ ልጅ በሰፈሩ እንዲማር የሚያስገድድ የክልል ካርታ አላቸው፤ በ2007 ሲያላሉት መንገዱን የሚያውቅ ወላጅ ልጁን ይዞ ወጣ፤ የማያውቀው እዚያው ቀረ። ወረታና ፎገራ በሁለት በጀት ሲኖሩ የዲትሮይትን ነገር አስቢ።

8. መልቀቂያ የሚጠይቀውን ወላጅ አታሳድጂ።

የትምህርት ቤት ድጎማ በተማሪ ቁጥር ስለሚሰላ ርዕሰ መምህሩ ልጅ መልቀቅ አይወድም። ወላጁም ከተማ ያለች አክስት ጋ አስጠግቶ «እዚህ ነው የሚኖረው» ያሰኛል። ስለ ምን? ምክንያቱም ሰምቷል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ሲጀምሩ፣ ከ2014 ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም 3.2 በመቶ፤ በዚያው ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን የሰማ ገበሬ ጥጃውን ሸጦ ልጁን ወደ ተሻለው ቢያዛውር ጥፋቱ ምንድን ነው? ከየትኛው ትምህርት ቤት መልቀቂያ እንደሚበዛ ቁጠሪና እዚያ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህር መኖሩን አጣሪ። በር መዝጋት የሚጎዳው ዘመድ የሌለውን ብቻ ነው፤ ዘመድ ያለው በጓሮ ይገባል።

9. ካርድ የሌለውን ልጅ ተቀበዪ።

ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደዘጋ፣ ሚሊዮኖች ልጆችም ከትምህርት እንደራቁ ላንቺ አልነግርሽም። መዝገቡ የተቃጠለበት፣ ርዕሰ መምህሩ የተሰደደበት ልጅ መልቀቂያ ከየት ያመጣል? ፈትናችሁ በሚመጥነው ክፍል አስገቡት። በዚህ ጊዜ «የኛ ክልል አይደለህም» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ።

10. የምትጠይቂውን ሰው ምረጪ።

በገበያ ቀን ስብሰባ አትጥሪ፤ በጾም ቀንም ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብቂ። ሊቀ መንበሩና የወላጅ መምህር ኅብረቱ የሚሉትን ስሚ፤ ከዚያ እናቶችን ለብቻቸው ጠይቂ። ልጇ መቼ እንደምትወጣ፣ የት ላይ እንደምትፈራ፣ ከማን ጋር እንደምትሄድ የምታውቀው እናት ናት። ሰባተኛ ክፍል ያሉትን ሴት ልጆችም ጠይቂ፤ ዘጠነኛን የት እንደሚማሩ የሚያስቡትን ይንገሩሽ። «እኔ እንጃ» ያሉሽን ስም በዚያች ምሽት ጻፊ፤ በሚቀጥለው ዓመት የማታገኚያቸው እነዚያ ናቸው።

ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት አትጨርሺውም፤ አለቆችሽም ሁሉንም አይሰሙሽም። ዘንድሮ አንዱን ብቻ አድርጊልኝ። ምዝገባው በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት የወረታን የዘጠነኛ ክፍል መዝገብ አስከፍተሽ ከናበጋ፣ ከዋገጠራና ከሽና የመጡት ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት እንደሆኑ፣ በየትኞቹ ሴክሽኖች እንደተቀመጡም ቁጠሪ። ቁጥሩን ይዘሽ ወደ ቤት ነይ፤ ከዚያ በኋላ ማን ዘንድ አብረን እንደምንሄድ እንነጋገራለን።